ዛፉ ተጭኖ ይሄዳል፣ ጉቶው ይቀራል

በሰሜን ሜጫ፣ በዳንግላ ወይም በይልማና ዴንሳ ወረዳ የሚጓዝ ሰው ባሕር ዛፍ ሳያይ ብዙ ርቀት አይሄድም። በአካባቢው ባሕር ዛፍ የቁም ገንዘብ ነው። ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲሠራ፣ የማዳበሪያ ክፍያ ሲደርስ ወይም ቤተሰብ ሲታመም የአርሶ አደሩ ዐይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጓሮ ባለው ዛፍ ላይ ነው።

አሻሻጡም የታወቀ ነው። ነጋዴው ይመጣል፤ በዛፉ መካከል እየተዘዋወረ ስንቱ ለማገር፣ ስንቱ ለቋሚ፣ ስንቱ ለማገዶ እንደሚሆን ይገምታል። ክርክሩ በዋጋው ላይ ነው። ሲስማሙ ቀብድ ይቆጠራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ መጥረቢያና መጋዝ የያዙ ሦስት አራት ወጣቶች ይደርሳሉ። የላካቸው ነጋዴው ነው፤ የሚከፍላቸውም እሱ ነው። ክፍያቸው በጣሉት ዛፍ ቁጥር ስለሚሰላ የሚጠቅማቸው መፍጠን ነው። ሲጨርሱ መኪናው ይጭንና ይሄዳል። ማሳው ላይ ጉቶ ይቀራል።

ስለዚህ ጉቶ በሽያጩ ወቅት የሚያነሣ ሰው እምብዛም የለም። ነጋዴው ገንዘብ ያወጣው ለዛፉ ነው። ቆራጩም ነገ ሌላ ቀበሌ ነው። ጉቶው ግን የአርሶ አደሩ ቀጣይ ምርት ነው፤ እንዴት እንደተቆረጠ የሚያስከትለውን ትርፍም ሆነ ኪሳራ የሚቀበለው እሱ ብቻ ነው። የጥንቃቄው ጉዳይ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ በጉቶው የሚጎዳው ሰው ሌላ፣ ለቆራጩ የሚከፍለው ሰው ሌላ ነው።

ጉቶው የማን ነው?

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። ተወዳጅ ያደረገው ፈጥኖ ማደጉ ብቻ አይደለም፤ ተቆርጦ እንደገና ማቆጥቆጡም ጭምር ነው። አንድ ጊዜ የተተከለ ችግኝ በደንብ ከተያዘ ብዙ ዙር ይቆረጣል። ሥሩ አስቀድሞ መሬት ስለያዘ፣ ከጉቶ የሚነሣው ቁጥቋጦ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ቶሎ ይረዝማል። ለዳግመኛ ተከላ ጉድጓድ መቆፈር፣ ችግኝ መግዛትም ሆነ ማረም አይኖርም።

ይህ ሁሉ ጥቅም ግን በቆራጩ እጅ ላይ ነው። ቁጥቋጦው የሚወጣው ከጉቶው ቅርፊት ሥር ተኝተው ከሚቆዩ እንቡጦች ነው። በደነዘ መጥረቢያ እየተቀጠቀጠ የተቆረጠ ዛፍ ሲወድቅ ቅርፊቱን እስከ ሥር ድረስ ይዞ ሊላጥ ይችላል። ቅርፊቱ የተላጠበት ጎን አያቆጠቁጥም። በተሰነጠቀው በኩል ውኃ ይገባል፣ ጉቶው ይበሰብሳል። በሹል መጋዝ የተቆረጠ ጉቶ ግን ፊቱ ልሙጥ፣ ቅርፊቱም ዙሪያውን የተያያዘ ሆኖ ይቀራል። መጥረቢያ መጠቀም ግድ ከሆነ በሚገባ መሳል አለበት፤ ምቱም ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች አዘንብሎ መሆን ይኖርበታል።

ከፍታውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቆራጭ ጎንበስ ማለት ስለሚያደክመው ጉቶውን በጉልበት ልክ ይተወዋል። ይህ ሁለት ጊዜ ያከስራል። አንደኛ፣ የግንዱ ወፍራሙ ክፍል ያለው ከታች ነው፤ ጉልበት የሚያህል ጉቶ ከ100 ዛፍ ላይ ሲደመር ብዙ እንጨት ነው። ሁለተኛ፣ ከከፍታ ላይ የሚወጣ ቁጥቋጦ ከጉቶው ጋር ያለው መያያዣ ደካማ ስለሚሆን ነፋስ ሲነሣ ይገነጠላል። የሚመከረው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር በታች ነው። የጉቶው ፊት ትንሽ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል ደግሞ ዝናብ አይቋጥርም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጭራሮ ነው። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ጉቶው ላይ ተከምሮ ከቆየ ብርሃን ይከለክላል። ይባስ ብሎ እዚያው ላይ በእሳት የተለቀቀ እንደሆነ እንቡጦቹ ይቃጠላሉ። ቆራጮቹ ጭራሮውን በረድፎቹ መካከል እንዲከምሩ ማድረግ ብዙ ሰዓት የሚወስድ አይደለም፤ አስቀድሞ ከተነገራቸው ማለት ነው።

ወቅትም አለ። በበጋው እኩሌታ የተቆረጠ ጉቶ እርጥበት ስለሌለው ለማቆጥቆጥ ይዘገያል። በደጋ ወረዳዎች ደግሞ ውርጭ ሊመጣ ሲል የተቆረጠ ዛፍ ለጋ ቁጥቋጦው በብርድ ይመታል። የሚሻለው ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይርቅ መቁረጥ ነው። ነገር ግን ነጋዴው የሚመጣው መንገዱ ሲደርቅና የግንባታ ገበያው ሲሞቅ ነው። እዚህ ላይ አርሶ አደሩ ሁልጊዜ የመምረጥ ዕድል አለው ማለት አይቻልም፤ ገንዘብ የቸገረው ሰው ወር አይመርጥም። ምርጫ ያለው ግን ቢጠቀምበት ይበጀዋል።

ቁጥቋጦው ከሰው ቁመት ሲያልፍ ማሳሳት ያስፈልጋል። ከአንድ ጉቶ አሥርና ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ሁሉም ከተተወ ሁሉም ይቀጥናል። ለቋሚ የሚፈልግ ሰው በጉቶው ዝቅተኛ ክፍል ላይ አጥብቀው የያዙትን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይተዋል። የሚነሣው ለማገዶ ይሆናል። ይህም ቢሆን በየመንደሩ እየዞሩ ለሚሠሩ ወጣቶች ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሆኖም ብዙ አርሶ አደር ገንዘብ አውጥቶ ሲያሠራው አይታይም።

በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ነገሩ ይለያል። እዚያ ገበያውን የያዘው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ነው። ዲከረንስ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አስተማማኝ ሆኖ አያቆጠቁጥም፤ ከተቆረጠ በኋላ መሬቱ ታርሶ በችግኝ እንደገና ይተከላል፣ በመጀመሪያው ዓመትም ከጤፍ ጋር አብሮ ይበቅላል። ስለዚህ ለፋግታ አርሶ አደር የጉቶ ከፍታ የእንጨት ብክነት ጉዳይ እንጂ የቀጣይ ምርት ጉዳይ አይደለም። ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የሚሻገር ቆራጭ ይህን ልዩነት ካላወቀ፣ በዲከረንስ የለመደውን ግድ የለሽ አቆራረጥ ባሕር ዛፍ ላይ ይደግመዋል።

በውሉ ላይ የሚጨመር አንድ መስመር

የቁም ዛፍ ሽያጭ ብዙውን ጊዜ በቃል ነው። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በመርሕ ደረጃ የቃል ውልን ይቀበላል፤ ችግሩ ጠብ ሲነሣ ማስረዳት ነው። ስለ ቀብድም ሕጉ የሚለው ነገር አለ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ግማሽ ገጽ ወረቀትና ሁለት ምስክር በቂ ነው። የሚሸጠው ዛፍ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ገንዘቡ መቼ ተከፍሎ እንደሚያልቅ፣ ቆረጣው በስንት ቀን እንደሚጠናቀቅ፣ ዛፍ ሲወድቅ የጎረቤት አጥር ወይም አዝመራ ቢጎዳ ማን እንደሚክስ ይጻፋል። ለዚህ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ ጉቶው ከአንድ ስንዝር ሳይበልጥ፣ በመጋዝ፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ ይቆረጣል፤ ጭራሮውም ከጉቶው ላይ ይነሣል። ነጋዴው ለዚህ ትንሽ ዋጋ ቢቀንስ እንኳ የሚያስቆጭ አይደለም፤ የጉቶው ጉዳት ለቀጣዩ ቆረጣ እስኪደርስ ለዓመታት አብሮ ይኖራልና።

የተጻፈውን ማስፈጸሚያ ጊዜው ደግሞ የመጨረሻው መኪና ከመነሣቱ በፊት ነው። አርሶ አደሩ ወይም ልጁ በቆረጣው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ከቆራጮቹ ጋር ቢገኝ የመጀመሪያዎቹን አምስትና ስድስት ጉቶዎች አይቶ ማረም ይችላል። 200 ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ የሚነሣ ቅሬታ ግን ጉቶውን አይመልሰውም።

‹‹እንዳዩ ይስጡኝ››

ከመጥረቢያው ማዶ ያለው ሰውም የራሱ ጣጣ አለው። በየመንደሩና በየከተማው ዛፍ የሚቆርጠው፣ አጥር የሚያስተካክለው፣ የጓሮ ፍራፍሬ የሚገርዘው ወጣት አሠሪ የለውም፤ ደመወዝም የለውም። መሣሪያው የራሱ ነው፣ ሥራ ፍለጋውም የራሱ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ዋጋ መናገር ነው። በተለይ ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ የአካባቢው ሰው ሲሆኑ ወጣቱ ያፍራል። ‹‹አያ፣ እንዳዩ ይስጡኝ›› ብሎ ይጀምራል። ትሕትናው መልካም ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ግን እሳቸው ያዩትና እሱ ያሰበው ሳይገጥም ይቀርና ሁለቱም ተቀያይመው ይለያያሉ። ትሕትናውን ሳይተው ሥራውን ዞሮ አይቶ፣ ‹‹ይህን ያህል ይሆናል፣ ጭራሮውን የማነሣ ከሆነ ደግሞ ይህን ያህል›› ማለት ይቻላል። ሽማግሌ በዋጋ አይቀየሙም፤ የሚቀየሙት በኋላ በሚመጣ ጭማሪ ነው።

ዋጋው በቀን፣ በዛፍ ቁጥር ወይም በቁርጥ ሊሆን ይችላል። ለባሕር ዛፍ ቁጥሩ ይመቻል። አጥር ማስተካከል በቁርጥ ቢሆን ይሻላል፣ ርዝመቱ በእርምጃ ይለካልና። ፍራፍሬ ገረዛ ግን በቀን መሆን አለበት። በዛፍ ቁጥር የሚከፈለው ገራዥ እንደ ባሕር ዛፍ ቆራጩ ይፈጥናል፤ ማንጎና አቮካዶ ደግሞ በችኮላ አይገረዙም።

የቀን ሒሳቡ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። እንበልና አንድ ቆራጭ በወር 20 ቀን ሥራ ያገኛል። ቤተሰቡ የሚበላው ግን 30 ቀን ነው። ዝናብ የዘነበበት ቀን፣ የበዓል ቀን፣ ሥራ ፍለጋ የዞረበትና መጋዝ ያስጠገነበት ቀን ሁሉ ከ20ው ቀን ገቢ ላይ መሸፈን አለበት። የቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን ያህል የሚጠይቅ፣ የራሱን መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ቆራጭ መሣሪያውን በነፃ እያከራየ ነው ማለት ይቻላል።

የሞተር መጋዝ የያዘ ሰው ወጪው ከዚህም ይሰፋል። ቤንዚን አለ፤ ከቤንዚኑ ጋር አምራቹ ባዘዘው መጠን የሚቀላቀል የሞተር ዘይት አለ፤ ሰንሰለቱን የሚያለሰልስ ሌላ ዘይትም አለ። ዘይት ሳይቀላቀልበት ንጹሕ ቤንዚን የተሞላ መጋዝ በአጭር ጊዜ ሞተሩ ተጣብቆ ይቀራል፤ በእቁብ ተቆጥቦ የተገዛ ዕቃ በአንድ ቀን ስሕተት ይጠፋል። ነዳጅ በጄሪካን ለመግዛት ደግሞ በብዙ ቦታ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ሰንሰለቱ መደንዘዙ የሚታወቀው ከሚወጣው ሰጋቱራ ነው፤ ፍርፋሪ ሲሆን ሹል ነው፣ ዱቄት ከሆነ ሞረድ ይፈልጋል። በደነዘ ሰንሰለት መግፋት ነዳጅ ያባክናል፣ ክንድ ያዝላል፣ አደጋም ይጠራል።

ሥራው በዓመት ውስጥ የሚከፋፈልበት መንገድም አለ። ባሕር ዛፍ ብቻ የሚቆርጥ ሰው ክረምቱን ሥራ ፈት ሆኖ ያሳልፋል። ቡና ለቅሞ የጨረሰ አርሶ አደር ያረጀ ቡናውን የሚጎነድልለት ሰው የሚፈልገው ግን በበጋ ነው፤ ማንጎ የሚገረዘው ፍሬው እንደተለቀመ ነው፤ ችግኝ ጉድጓድ የሚቆፈረው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ አጥር የሚረዝመው በክረምት ነው። አራቱን ሥራ የሚችል ሰው ቢያንስ የአንዱ ጊዜ አያመልጠውም።

ዛፉ ወዴት ይወድቃል?

የዚህ ሥራ አደጋ ጥቃቅን አይደለም። ዛፍ ሲወድቅ ሰው ይገድላል።

ከመጀመሪያው ምት በፊት ቆራጩ ዛፉን ቀና ብሎ ማየት አለበት፤ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ቅርንጫፉ በየት በኩል እንደከበደ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የደረቀና የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ መኖሩን። ከዚያ የሚሸሽበትን መንገድ ያጸዳል። መንገዱ ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ አግድም የሚሄድ ነው። ቀጥታ ወደ ኋላ መሸሽ አይመከርም፤ ግንዱ ሲወድቅ ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላልና። ሌሎች ሰዎች፣ ልጆችና ከብቶች ቢያንስ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ መራቅ አለባቸው።

አቆራረጡም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ዛፉ እንዲወድቅ በሚፈለግበት በኩል እንደ ተከፈተ አፍ ያለ ጉርድ ይወጣል፤ ጥልቀቱ ከግንዱ ውፍረት ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ ቢሆን በቂ ነው። ቀጥሎ ከኋላ በኩል፣ ከፊተኛው ጉርድ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ሁለቱ ጉርዶች ግን መገናኘት የለባቸውም። በመካከላቸው የግንዱን ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል ሳይቆረጥ የሚቀር እንጨት ዛፉን እንደ በር ማጠፊያ ይዞ በታሰበው አቅጣጫ ያስተኛዋል። ይህን ማጠፊያ የሚቆርጠው ሰው ዛፉን ከመቆጣጠር ወደ መመልከት ተሸጋግሯል። ጉርዱ የሚወጣው በጉልበት ከፍታ ሳይሆን ለጉቶው በተባለው ከፍታ ላይ መሆን እንዳለበትም መዘንጋት አይገባም።

ከሁሉም የሚያስፈራው ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ዛፍ ነው። ከሥሩ ገብቶ መሥራት፣ የተደገፈበትን ዛፍ መቁረጥ ወይም ላዩ ላይ መውጣት ሕይወት ያስከፍላል። በረዥም ገመድ ከሩቅ ይሳባል፤ ካልተቻለ አካባቢው ይታጠርና እርዳታ ይጠራል።

የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ የተለየ ነው። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሽቦውን በእጅ መንካት ግድ አይደለም፣ ቅርንጫፉ ከነካው ይበቃል። ለመስመር የቀረበ ዛፍ ሊቆረጥ ሲል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ተነግሮት መስመሩ መቋረጥ አለበት። ‹‹አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ናት›› የሚለው ንግግር መሰማት የለበትም።

የሞተር መጋዝ ሌላ ጠባይ አለው። የሰንሰለቱ መያዣ ጫፍ፣ በተለይ የላይኛው ክፍሉ፣ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ቆራጩ ፊት ተመልሶ ይዘላል። ስለዚህ በጫፉ አይቆረጥም፣ ከትከሻ በላይ አይነሣም፣ መሰላል ላይ ሆኖም አይሠራበትም። የላስቲክ ጫማ አድርጎ መሥራት የተለመደ ቢሆንም እግርን ከመጋዝም ከመጥረቢያም አያድንም። የቆዳ ጫማ፣ የዐይን መነጽርና ጠንካራ ቆብ ከሁለተኛው መጋዝ በፊት መገዛት ያለባቸው ናቸው። የግብዣም ነገር አለ። ለቆራጮች ምሳና ጠላ ማቅረብ የቆየ ደግነት ነው፤ ጠላው ግን መጋዙ ከተቀመጠ በኋላ ቢሆን ለሁሉም ይሻላል።

አደጋ ሲደርስ የሚከፍል ድርጅት የለም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል መሆን ቢያንስ የሕክምናውን ወጪ ያቀልላል። ሆኖም አባልነቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ከሥራ ወደ ሥራ ሲዞር የምዝገባው ጊዜ ያለፈበት ወጣት ሳያውቀው ከመድኑ ውጭ ይሆናል። መድኑ የሚሸፍነው ሕክምናን እንጂ ሳይሠራ የቀረበትን ቀን ስላልሆነ፣ ለዚያ የቀረው እድርና የራስ ቁጠባ ነው።

አጥርና ግቢ

አጥር ቀላል ሥራ ይመስላል። ቅንጭብና ቁልቋል የሚቆርጥ ሰው ግን ነጩን ወተት ማወቅ አለበት። ዐይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ ማየትንም ሊጎዳ ይችላል። መነጽርና እጅጌው ረዥም ልብስ ያስፈልጋል፤ ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ አይቆረጥም፤ በእጅ ዐይን አይታሽም። የገባ እንደሆነ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ውኃ የያዘ ጄሪካን ከገጀራው ጋር አብሮ የሚወጣ መሣሪያ ነው።

ሰንሰልና ግራዋ ዝቅ ተደርገው ቢቆረጡም ያቆጠቁጣሉ። በከተማ ግቢዎች የሚታየው የፈረንጅ ጽድ ግን እንዲህ አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል እስካለበት ድረስ ብቻ ነው የሚታረመው፤ ከዚያ አልፎ ወደ ደረቁ እንጨት ከተቆረጠ ዳግም አይለመልምም፣ ቡናማ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ለሦስትና ለአራት ዓመት ሳይነካ የቆየን የጽድ አጥር በአንድ ቀን ‹‹አሳጥርልኝ›› የሚል ባለቤት ሲመጣ፣ አትክልተኛው ይህን አስቀድሞ ቢነግረው በኋላ ከሚመጣ ወቀሳ ይድናል።

በባሕር ዳር ከተማ በሳምንቱ ቀናት የተለያዩ ግቢዎችን የሚይዝ አትክልተኛ ሌላም ጥንቃቄ አለበት። በመቀሱ ላይ የተጣበቀ የበሽታ ተሕዋስ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበርዞ መቀሱ ይነከርበታል፣ ይደርቃል፣ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባል። ወጪው ኢምንት ነው።

ፍሬ ላለው ዛፍ ሌላ እጅ

ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ ሁሉ ማንጎ ይገርዛል ማለት አይደለም። የአንዱ ዓላማ መጣል ሲሆን የሌላው ማቆየት ነው።

በጣና ዙሪያ ያለው የቆየ ማንጎ ከዘር የበቀለ፣ ረዥምና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ፍሬው ከላይ ይቀራል፣ ሲለቀም ይፈነዳል። ከዚህ በላይ የከፋው ነጩ የማንጎ ተባይ ነው። ይህ ተባይ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ2002 ዓ.ም በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ወደ አማራ ክልል ማንጎ አብቃይ አካባቢዎችም ገብቷል። ጥላማና አየር የማይገባበት ዛፍ ይመቸዋል። ረዥም ዛፍ ላይ ርጭት እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ገረዛ ዛፉን ከማሳመር ያለፈ ሥራ አለው። መሐሉ ተከፍቶ ብርሃን ሲገባና ቁመቱ ሲወርድ ተባዩ ይቀንሳል፣ ቀሪውንም መቆጣጠር ይቻላል። ተባይ ያለበት ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ማሳ አይጎተትም፤ እዚያው ይቀበራል ወይም ይቃጠላል።

ያረጀን ማንጎ በአንድ ዓመት ማሳጠር ግን ስሕተት ነው። ከዘውዱ በአንድ ጊዜ ከሦስት አንድ በላይ ሳይነሣ፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ወፍራም ቅርንጫፍ ሲቆረጥ መጀመሪያ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ከሥር ጥቂት ይገባል፤ ቀጥሎ ከዚያ አለፍ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፤ በመጨረሻ የቀረው ጉማጅ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት እብጠት አጠገብ፣ እብጠቱ ሳይነካ ይነሣል። ቁስሉ የሚድነው ከዚያ እብጠት ነው። አንድ ምት ብቻ ከላይ ከተቆረጠ ቅርንጫፉ በክብደቱ ግንዱን ይልጠዋል።

በቆጋ መስኖ ዙሪያና በሌሎች ቦታዎች እየተስፋፋ ያለው አቮካዶ ደግሞ ፀሐይ ይፈራል። በኃይል የተገረዘ አቮካዶ ጥላ ለምዶ የኖረው ቅርፊቱ በድንገት ለፀሐይ ሲጋለጥ ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል። የተጋለጠውን ግንድ በተበጠበጠ ኖራ መቀባት ይከላከልለታል። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ደግሞ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በአግድም አዘንብሎ ይቆረጣል፤ ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ጠንካሮቹ ሁለት ወይም ሦስት ይቀራሉ። አርሶ አደሩ ማሳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ካስጎነደለ እስኪያፈራ ድረስ ገቢ ስለማይኖረው በየዓመቱ ከፍሎ ከፍሎ ማስጎንደሉ የተለመደና ትክክለኛ አሠራር ነው።

ከወረዳው የሚጠበቀው

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በየወረዳው የተተከለ ችግኝ ይቆጠራል፣ ሪፖርትም ይደረጋል። ዛፉ ሲደርስ የሚቆርጠው እጅ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀው ባለ ማሳውን ነው፣ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀው በማኅበር የተደራጀውን ነው። ብቻውን መጋዝ ይዞ የሚዞረው በሁለቱ መካከል ወድቋል። ሁሉንም ማኅበር ግቡ ማለት መፍትሔ አይመስልም፤ ብዙዎቹ ሥራው ሲኖር ለሦስት ተቧድነው ሲያልቅ የሚበተኑ ናቸው። ይልቅ በቀበሌው የሚሠሩትን በስም መዝግቦ፣ በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ለአንድ ቀን ሰብስቦ በእውነተኛ ዛፍ ላይ ማሳየት ይቻላል። ማዕከሎቹ አጠገብ ባሕር ዛፍ አይጠፋም። በትክክል የተቆረጠ አንድ ረድፍና በጉልበት ከፍታ በመጥረቢያ የተቆረጠ አንድ ረድፍ ጎን ለጎን ከተተወ፣ ክረምቱ ሲወጣ ልዩነቱን ለማየት ገላጭ አያስፈልግም።

የተመዘገበ ሰው ለነዳጅ የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት አይጉላላም። የጤና መድን ምዝገባ ሲከፈትም ቀበሌው የት እንደሚያገኘው ያውቃል። አርሶ አደሩም ከነጋዴው ጋር ሲዋዋል ‹‹ቆራጮቹ ከዚህ ዝርዝር ይሁኑ›› ለማለት መሠረት ያገኛል።

ፈቃድን በተመለከተ ቆራጩም ባለቤቱም ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። በ2010 ዓ.ም የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደን ባለቤትነትን ያውቃል። ይሁንና እንጨቱ በመኪና ሲጓጓዝ የማጓጓዣ ፈቃድ ይጠየቃል። አገር በቀል ዛፎች ላይ ጥንቃቄው ይጠብቃል። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጽድ በ1986 ዓ.ም በወጣው የደን አዋጅ ጭምር በስም ተጠቅሰው ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የተከለከሉ ነበሩ። ‹‹ጓሮዬ ውስጥ ያለች ዋንዛ ናት›› የሚል ባለቤት ቢያጋጥም፣ ቆራጩ መጋዙን ከማንሣቱ በፊት የቀበሌው ወይም የወረዳው ወረቀት መኖሩን ይጠይቅ። መኪናው ኬላ ላይ ሲያዝ የሚጠየቀው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የቆረጠውም ይጠየቃል፤ መጋዙም አብሮ ሊያዝ ይችላል።